ጎንበስ ብሎ የገባ መድኃኒት

ትናንት ከምሳ በኋላ በወንበሬ እንደ ተቀመጥሁ እንቅልፍ ወሰደኝና ሕልም አየሁ። በሕልሜ እኔው ራሴ ለታመመው ኩላሊቴ የታዘዝሁ መድኃኒት ሆኜ በገዛ ደሜ ጎዳና ላይ ቀጥ ብዬ እሄድ ነበር። በውኑስ ሐኪሙ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ «አንተ» እያለ ያዘዘልኝን ክኒን አልውጥም ብዬ ከማልሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል።

አገሩ የተገለበጠ ነበር። ሐኪሞች ምላሳቸውን አውጥተው ተሰልፈዋል፤ በሽተኞች ነጭ ካፖርት ለብሰው ይመረምሯቸዋል። በኩላሊቴ በር የቆሙት ዘበኞች በሽታ በመጣ ቁጥር ባርኔጣቸውን አንሥተው «ይግቡ ጌታዬ» ይላሉ፤ መድኃኒትን በዱላ ይመልሳሉ።

«ቤቶች!» ብዬ ተጣራሁ።

«ደጆች!» ሊለኝ የሚገባው ዘበኛ «አንተ ደግሞ ማነህ?» አለኝ።

«አንተ አትበለኝ! ሠላሳ አንድ ዓመት ርእሰ መምህር የነበርሁት አክሊሉ ገብረ ጻድቅ ነኝ!» ብዬ እስከ ሰባት ትውልድ ቆጠርሁለት።

«ባዕድ ነህ፤ ዘወር በል።»

ከውስጥ ኩላሊቴ ያቃስታል። «ቶሎ በሉ፣ ልዘጋ ነው!» ይላል።

በዚህ መካከል አንዲት ደቃቅ ከረጢት እየተንከባለለች መጣች። አወቅኋት። የመድኃኒት ተመራማሪዋ ልጄ እታገኝ ምሳ ላይ ያወራችልኝ ኤግዞሶም ናት። ሕዋሳት መልእክት የሚላላኩት በእርሷ ነው፤ መድኃኒት በሆዷ ይዛ ብትሄድ ሰውነት እንደ ቤተኛ ያስገባት እንደሆነ እየተጠና ነው።

«ሆዴ ውስጥ ይግቡ አባባ፣ ጎንበስ ብለው» አለችኝ።

«እኔ? ጎንበስ?»

«ካልፈለጉ ይቁሙ። ኩላሊትዎ ግን ቆሞ አይጠብቅዎትም።»

ጎንበስ ብዬ ገባሁ። በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

«ቤቶች!» አለች ከረጢቷ።

«ደጆች! ግቢ፣ የኛ ልጅ!» አለ ያ ባለጌ ዘበኛ።

በሩ ተከፈተ። ኩላሊቴ ከነሕመሙ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ኖር!» አለኝ። «በእግዜር» ልል አፌን ስከፍት ነቃሁ።

አፌን መርሮኛል። ከምሳው ጉርሻ በጥርሴ ሥር የቀረ ነገር በምላሴ ፈልቅቄ አወጣሁ፤ የክኒን ስባሪ ነው።

ከበሩ ወዲያ እታገኝ በስልክ ታወራለች፦ «አዎን ዶክተር፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በጉርሻ ነው የሰጠኋቸው። ዛሬም አልነቁብኝም! ኧረ የላብራቶሪው ኤግዞሶም ገና ነው፤ የእኔው ግን እየሠራ ነው፣ የኩላሊታቸውን ውጤት አይተውት የለ?»

ስባሪውን ዋጥሁት። ጀርባዬን አቃናሁና ተጣራሁ፦

«እታገኝ! የማታው ጉርሻሽ ተለቅ ይበል!»