ዳማን መድን ለማስገባት የሄዱ ሽማግሌዎች

ሰው ያለውን ነገር ሲሸጥ ያገዝፈዋል፣ ግብር ሲጠየቅበት ደግሞ ያሳንሰዋል። ይህን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ስንሠራበት የኖርን ስለሆነ ማንንም አያደናግርም። ግራ የሚያጋባው መድን ነው። መድን የሚገቡ ዕለት ንብረትዎ ኢምንት እንዲሆን ይመኛሉ፤ ክፍያው እንዲያንስ። አደጋ የደረሰ ዕለት ግን ያው ንብረት የንጉሥ ግምጃ ቤት እንዲሆንልዎ ይፈልጋሉ፤ ካሣው እንዲበዛ። አንድን ነገር ትንሽም ትልቅም አድርጎ ማሳየት የሚችል ሰው ካለ ወይ ቅዱስ ነው ወይ ነጋዴ ነው። እኔ ሁለቱንም አይደለሁም። በዚያ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ ከአንድ ፋብሪካ ተቀጥሬ የሽመና ማሽን ስጠግን የምውል ሰው ነበርሁ።

መኪና ግን ነበረኝ። መኪና ነበረኝ ስል አንባቢ እንዳይቀናብኝ ስለ መኪናው ጥቂት ላስረዳ። ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው። አባቴ እዚሁ አገር ከቀረ አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ በሁለት በሬና በአንድ ጋን ማር ገዛው። ቀለሙ ያኔ ቡናማ ቀይ ስለነበረ እንደ ፈረስ ዳማ ብሎ ስም አወጣለት። እኔ ዘንድ ሲደርስ ቀለሙ ምን እንደሆነ ሊቃውንትም አይስማሙበትም ነበር። የቀኝ በሩ በጠፍር የታሰረ ነው። ወለሉ ላይ ባለው ቀዳዳ የሚሄዱበትን መንገድ በሁለት እግርዎ መካከል ያዩታል። ጡሩንባው ሲነፋ የቀበሌ ስብሰባ የተጠራ መስሎት ካቦርቱን እያጠለቀ የሚወጣ ሰው ነበር።

ግን ይነሳል። ይህን ስናገር ዛሬም ይደንቀኛል። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ሞተር፣ ፊቱ ላይ የብረት እጀታ ሰክቼ ሳዞርለት አንድ ሁለት ጊዜ ይስልና ይነሳል። ቅዳሜ ከሰዓት በሐይቁ ዳር፣ በዘንባባዎቹ ሥር ስነዳው ጣና እስከ ሰማይ ጥግ ተንጣሎ ይታየኛል፤ ታንኳ የሚነዱት ሰዎች ሳይቀሩ ዘንጋቸውን ውሃው ውስጥ አቁመው ይመለከቱኛል። እንዲያ ባለው ሰዓት እግዚአብሔር ሐይቁን ሲሠራ፣ ፈረንጅ ደግሞ ዳማን ሲሠራ፣ ሁለቱም ቸኩለው እንዳልነበር ይሰማኝ ነበር።

አባቴ ሲሞት ቤት አላወረሰኝም፣ መሬት አላወረሰኝም። ዳማን ሰጠኝና መኪና የሚሞተው ሲቆም ነው፣ እንዳታቆመው ብሎኝ ዐረፈ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እኔ እስከማውቀው አንድም ቀን ዳማ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ሆዴን ያመኛል ትልና የትም በእግሯ ትሄዳለች።

ዘመኑ የኩፖን ዘመን ነው፤ ያለ ኩፖን ቤንዚን የለም። አንድ ሰኞ ኩፖን ከሚታደልበት መስኮት ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘሁ። የመድን ወረቀት ያላቀረበ ባለመኪና ከመጪው ወር ጀምሮ ኩፖን አያገኝም ይላል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል እሰማ ነበር፤ የአባቴ መኪና በእኔ እጅ ቤንዚን ጠምቶት ሊሞት ሆነ። ወሬው ሠፈር ሲደርስ ጎረቤቴ ወይዘሮ የሺ፣ መኪናው ከቆመ አይቀር የታቀፉ ዶሮዎቿን ታስቀምጥበት ዘንድ በትሕትና ጠየቀችኝ። ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም።

ረከስ ያለ መድን ፍለጋ ወጣሁ። ፍለጋ ማለቴ ለወጉ ነው። ድሮ መድን ቤቱ ብዙ ነበር አሉ፤ አብዮቱ ሁሉንም አንድ አድርጓቸው ስለነበር የቀረው ምርጫ መግባት ወይም አለመግባት ነው። ከቢሮው ያገኘሁት ገማች ጓድ ሳምሶን ይባላል። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ ሱሪው እንደ ቢላ የተተኮሰ፣ ሠላሳ ያልሞላው ጨዋ ልጅ ነው። የመኪና ዓይነትና ዋጋ የተጻፈበት ወፍራም መዝገብ አወጣና ዳማን ፈለገው፤ አጣው። ወደ ኋላ ገለጠ፤ አሁንም አጣው። ወጥቶ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ጊዜ ዞረው። በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፤ መዝገብ ላይ የሌለ መኪና ከራሴ አውጥቼ መገመት አልችልም፣ መኪናውን ከጥንት የሚያውቁ የታመኑ ሰዎች ካሉ ግን ይምጡና ያስረዱኝ፣ የነሱን ቃል ይዤ እገምታለሁ።

የታመኑ ሰዎች ሲል ልቤ ተደላደለ። በእኛ አገር ሚስት የሚገኘው በሽማግሌ ነው፤ ደም የሚደርቀው በሽማግሌ ነው፤ የከብት ጠብ፣ የድንበር ጠብ፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ የሚበርደው በሽማግሌ ነው። መድን በሽማግሌ የማይረክስበት ምክንያት ፈጽሞ አልታየኝም።

ሦስት ሰው መረጥሁ። አንደኛው ከሐይቁ ገዳማት በአንዱ ሲያስተምሩ ያረጁት መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። ሁለተኛው የፋብሪካችን የጥገና ኃላፊ የነበሩት ጡረተኛው ጋሽ ሙሉ ናቸው። ሦስተኛውና ዋናው የአባቴ የልብ ወዳጅ፣ ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ያለችው የመሸንቲ ሰው ባላምባራስ ዓለሙ ናቸው፤ ማዕረጋቸውን አብዮቱ ቢሽረውም የእኛ አፍ አልሻረውም። ሦስቱንም ነገሩን አቅልሉልኝ ብዬ ለመንሁ። ባላምባራስ እኛ እያለን ምን አስጨነቀህ አሉኝ። እንዴት አድርገው እንደሚያቀሉልኝ አልነገርኋቸውም። ሽማግሌን ሽምግልና ማን ያስተምራል?

በቀጠሮው ቀን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ከቢሮው በር ላይ ተሰለፉ። ጓድ ሳምሶን ተቀመጡ አለ። አልተቀመጡም። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም። አዲስ አበቤው ግራ ገብቶት እሱም ቆመ፤ የጎረቤት ቢሮ ጸሐፊዎችም በመስኮት እያዩ ቆሙ።

መሪጌታ በኖኅ መርከብ ጀመሩ። መርከቢቱ ስታረጅ አልተፈለጠችም አሉ፣ ከተራራ ላይ በክብር ተቀመጠች እንጅ። እዚህ ደሴቶቹ ላይ ያሉትን ብራናዎች ተመልከት ልጄ አሉት፣ አርጅተው ረከሱን? እኔ በሆዴ ደነገጥሁ። ብራናን በርካሽ የሚገምት ማን አለ? ጋሽ ሙሉ ያቃኑልኝ ይሆናል ብዬ ዞር ብል፣ የዛሬ መኪና ቆርቆሮ ነው፣ ይኸ ግን ብረት ነው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ሳገላብጥ እንዲህ ያለ አልገጠመኝም አሉ። ሳምሶን ፍሬኑ ይይዛል ወይ ብሎ ጠየቀ። ፍሬን የሚያስፈልገው ለችኩል ነው ብለው ዘጉት።

ገባኝ። ሽማግሌ ሲላክ የሚያውቀው ሥራ አንድ ነው፤ የላከውን ወገን ከፍ ማድረግ። የኔን ዳማ ሊድሩልኝ ነበር የመጡ።

ከዚያ ባላምባራስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በጣታቸው እኔን እያመለከቱ፣ ይኸ ልጅ የተወለደ ዕለት ብለው ጀመሩ። ወሩ ነሐሴ ነበር አሉ። እናቱ መሸንቲ ላይ ምጥ ተይዛ ሁለት ቀን ሆናት፤ አዋላጆቹ ተስፋ ቆረጡ። ባሕር ዳር አንድ ድሬሰር፣ ሐኪም ቢጤ፣ አለ ተባለ። ሰማዩ ተቀዷል፣ ጭቃው ከጉልበት ይደርሳል፣ ወንዙ ሞልቶ ድንጋይ ያንከባልላል። አባቱ ዳማን አስነሳ። እሷን ከኋላ አጋደምናት። ወንዙ ዳር ስንደርስ ሁላችን ወየው አልን። ዳማ እንደ አንበሳ አገሳና ገባ፤ በወዲያ ወጣ። ድሬሰሩ እጁን ታጥቦ ሳይጨርስ ይኸ የምታየው ሰው ተወለደ። እንግዲህ የዚህን ዋጋ አንተው ጻፍ ልጄ፤ እኔ አላውቀውም።

ሠላሳ አምስት ዓመት ስኖር ይህን ታሪክ ከማንም ሰምቼ አላውቅም። አባቴ ዝም አይነቅዝም ባይ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለው ነገር ለልጅ ሳይነገር ይቀራል? እናቴም ትዝ አለችኝ። ዳማ ላይ የማትቀመጠው ለካ አክብራው ኖሯል፤ ነፍሷን ያተረፈላትን በየገበያው ልትጭነው አልወደደችም ብዬ አሰብሁ። በመስኮት ወደ ዳማ ተመለከትሁ። በጠፍር የታሰረ በሩ፣ የሟሸሸ ጣሪያው፣ ሁሉም ግርማ ለብሶ ታየኝ። እኔ ያን መኪና እረግጠው፣ እሰድበው ነበር።

ሳምሶን መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከዚያ ጻፈ፤ ሲጽፍ እጁ አልተሰበሰበም። የዓመቱ ክፍያ ሲደመር የአራት ወር ደመወዜ ሆነ።

አሁን አፌን ከፍቼ ወለሉ ቀዳዳ ነው፣ በሩ የሚዘጋው በቆዳ ነው፣ ፍሬኑም ሲጸልዩበት ብቻ ነው የሚይዘው ማለት ነበረብኝ። ለዚያ እኮ ነው የመጣሁ። ግን ራሴ ለምኜ ያመጣኋቸውን ሦስት ሽማግሌዎች ቃል በአደባባይ እንዴት ልጠፍ? ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ ዋጋው አነሰብኝ። እናቴን ከሞት ያወጣ መኪና በአራት ወር ደመወዝ? ለቤቴ ጣሪያ ቆርቆሮ ያጠራቀምሁት ነበረኝ፤ እሱን አምጥቼ ከፈልሁ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ የተባለው ለእኔ ነው። ባለቤቴ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም።

ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ሽማግሌዎቹን በዳማ ለማድረስ ተነሳሁ። መሪጌታን ከጀልባው ወደብ፣ ጋሽ ሙሉን ከቤታቸው አወረድሁና ባላምባራስን ይዤ ወደ መሸንቲ አቀናሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ቀስ ብዬ ነድቼ አላውቅም። ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር ዳማን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ባላምባራስን ደግሞ እጠይቃለሁ፤ እናቴ ራሷን በየት በኩል አድርጋ ነበር የተኛች፣ አባቴ ምን ለብሶ ነበር፣ ወንዙ ውስጥ ስትገቡ ምን አለ እያልሁ። እሳቸው በመስኮት እያዩ እህ ይላሉ።

መሸንቲ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን አንዲት ወንዝ አለች፤ ዛሬ ድልድይ ተሠርቶላታል። ባላምባራስ አቁም አሉኝ። አቆምሁ። ዳማ እዚህ ነበር የቀረ አሉ።

ምን ማለትዎ ነው አልሁ። እዚህ ጋ፣ ያች ዋርካ ሥር አሉ። ከመሸንቲ እንደወጣን ወንዙ ዳር ጭቃው ዋጠው፤ ሞተሩም ጠፋ። እናትህን አውርደን በኔ በቅሎ ላይ አስቀመጥናት፤ ከግራ ከቀኝ ደግፈን፣ እኔ እየሳብሁ፣ ወንዙን ተሻገርን፤ እስከ ባሕር ዳር በዚያው ደረስን። አባትህን ና እንሂድ ብንለው፣ ዳማን ጎርፍ ይወስድብኛል ብሎ እምቢ አለ። በጠፍር ከዋርካው ጋር አስሮት ሦስት ቀን ጠበቀው። አንተን ያየህ በአራተኛው ቀን ነው። እናትህም ይኸንኑ ይዛበት ነው እስከ ዕለተ ሞቷ ዳማ ላይ አልቀመጥም ያለች።

ታዲያ ለምን እንዲያ ብለው ተናገሩ አልኋቸው። ባላምባራስ በጥያቄዬ አዘኑ። ልጄ፣ ሽማግሌ ተልኬ የሙሽራ ጉድለት ላወራ ነበር? የላክኸኝስ አንተ አይደለህም? ዳማ ቢቀርም እኮ ወደ ወንዙ ሲጠጋ አግስቷል፤ እሱን አልዋሸሁም አሉኝ።

ወንዟን አየኋት። ሙላቱን፣ ጭቃውን፣ በዝናብ ውስጥ እናቴን ይዛ ደረቷ እስኪደርስ ውሃ ውስጥ የገባችውን እንስሳ አሰብሁ። መደነቄ አልተወኝም፤ ከዳማ ላይ ተነስቶ ወደ እሷ ሄደ እንጂ። እኔ የአራት ወር ደመወዜን የከፈልሁት ጭቃ ውስጥ ለቀረው ነው፤ ላሻገረችኝ ስሟን እንኳ አላውቅም።

በቅሎዋስ ምን ሆነች ብዬ ጠየቅሁ።

ባላምባራስ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ጅብ በላት አሉኝ፤ መድን ማን ገብቶላት።