ቨርኔል ፔትዌይ እና የእሁዱ ሰልፍ

በየመዘምራኑ መሃል ማንም ሳይሾማት የወንዶች መርማሪ ሆና የተቀመጠች አንዲት ሴት አትጠፋም። ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት ባይ ናት። የኛዋ፣ እዚህ ሜከን ከተማ፣ ክብርት እህት ቨርኔል ፔትዌይ ትባላለች። እንጀራዋ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ነው። ጥሪዋ ግን እኛን ወፍራም ሴቶችን ከስርቆሽ ፍቅር ማዳን ነው።

ወፍራም ስል ስድብ እንዳይመስላችሁ። እኔ ራሴ ከመዘምራኑ ቀሚስ ትልቁን ነው የምለብሰው። ቨርኔል ደግሞ ለብቻዋ አሰፍታ ነው። በር ላይ መጀመሪያ ሽቶዋ ይገባል፣ ቀጥሎ ደረቷ፣ ከዚያ ባርኔጣዋ። "ጌታ እኔን ሲሠራ ጭቃ አልቆጠበም" ትላለች።

ፈተናዋ አንድ ነው። "እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሚስ ኦዜል ቤት ሰልፍ ላይ እጅሽን ይዞ ይቆማል ወይስ አይቆምም?" የሚስ ኦዜል ምግብ ቤት ሰልፍ ማለት ግማሽ ከተማ ማለት ነው፤ ፓስተሩም፣ የሰውዬው እናትም፣ የቀድሞ ሚስቱም ትሪ ይዘው ቆመው ያያሉ። ማታ ቤታችን መጥቶ "የኔ ማር" የሚለን ወንድ መች ቸገረን! ቀን ላይ ነው የሚጠፋው።

የኔ የመጀመሪያው "የመኪና ቁልፍ ረስቼ" ብሎ ከሰልፉ ወጣ፤ እስካሁን እየፈለገ ነው። ሁለተኛው እናቱን ሲያይ እጄን ለቀቀና "የሥራ ባልደረባዬ ናት" አለ። እኔ የምሠራው ፀጉር ቤት፣ እሱ ጎማ ቤት! ሁለቱንም ጊዜ ቨርኔል የኮክ ኬክ ይዛ ቤቴ መጣች። "ወድቋል" አለች፣ "ማንኪያ አምጪ።" ከዚያ እስኪወጣልኝ አብራኝ ተቀምጣ በላች፣ አብራኝ አለቀሰች።

ስለ አልጋ ጉዳይም ታስተምራለች፤ ፓስተሩ ከሄደ በኋላ ነው ታዲያ። "መብራቱን አጥፊው የሚልሽ ወንድ አንቺን ሳይሆን ጨለማውን ነው የፈለገው። ሆድሽን አይቶ ይሳመው!" እኛም በአንድ ድምፅ "አሜን!" እንላለን።

እንግዲህ ይህቺ መምህር ክረምቱን ሙሉ ወንድ ደብቃን ኖሯል! ክሊቮን ይባላል፤ ሴራሚክ ነጣፊ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። ወሬው ሲደርሰን ተማሪዎቿ ሁሉ "ሰልፍ! ሰልፍ!" ብለን አፋጠጥናት። ማምለጫ አጣች።

እሁድ ደረሰ። ክሊቮን ቡናማ ሱፉን ለብሶ፣ እጇን ጥብቅ አድርጎ ይዞ ቆመ። ፓስተሩ ዞሮ አየ፣ አልለቀቃትም። እናቱ መጣች። "እማዬ፣ ቨርኔል ማለት እሷ ናት" አለ፣ ፊቱ በርቶ።

ይሄኔ ቨርኔል ባርኔጣዋን የምታስተካክል መስላ እጇን ሳብ አደረገች። መልሶ ሲይዛት ትሪ አነሳች። ያቺ "ወንድ ፊት ቅጠል የምትበላ ሴት ቀጣፊ ናት" ስትል የኖረች ሴት ሰላጣ ብቻ አስቀመጠች። ሚስ ኦዜል ጭልፋዋን እንደያዘች ክው አለች።

"ምነው ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?"

ቨርኔል ትሪዋን አስቀምጣ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች። ተከተልኳት።

"ምን ሆነሻል? ሰውዬው እኮ አለፈ!"

"አለፈ" አለች። "ሁሉም 'ይሄ ምን ነክቶት ነው?' እያሉ የሚያዩት መሰለኝ።" እንባዋ ኩሏን ይዞት ወረደ። "ጆኔታ፣ መብራቱን የማጠፋው እኔ ነኝ። እሱ ያበራል፣ እኔ አጠፋለሁ። አንድ ቀን በደንብ ካየኝ ጥሎኝ ይሄዳል ብዬ እየፈራሁ።"

አንጀቴን በላችው። ያን ሁሉ ዘመን ለኛ ስትሰብክ ራሷን ለማሳመን ኖሯል። ምን ልበላት? የራሷን ቃል መለስኩላት።

"ወድቀሻል። ማንኪያ ላምጣ?"

እያለቀሰች ሳቀች። ፊቷን ታጠበች፣ ባርኔጣዋን አቃናች፣ ወጣች።

ክሊቮን እዚያው ነበር። ሁለት ትሪ ይዞ፣ "እለፉ፣ ሰው እየጠበቅኩ ነው" እያለ ሰዉን ሁሉ ያሳልፋል። ቨርኔል አየችው። ከዚያ ሄዳ፣ በፓስተሩም በእናቱም ፊት፣ እጁን ራሷ ያዘችው።

"ሚስ ኦዜል፣ ይቺን ቅጠል ለጥንቸል። ለኔ ዶሮ፣ ማካሮኒ፣ ጎመንም ጨምሪበት።"

"ተመስገን፣ ተሻለሽ!" አለች ሚስ ኦዜል።

ማታ ላይ አላስችል ብሎኝ ደወልኩላት።

"መብራቱስ?"

"በርቷል" አለችኝ በሹክሹክታ። "በይ ስልኩን ዝጊ!"

ክሊቮን ከወደቀ ይዤላት ልሄድ ቀድሜ የገዛሁት የኮክ ኬክ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ማንኪያ አመጣሁና "አለፈች!" እያልኩ፣ በደስታ እያለቀስኩ፣ ብቻዬን ጨረስኩት።