ሽማግሌ የላከው ቫምፓየር

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ሕልም አየሁ። ምን ላድርግ፣ ጭንቀት ነው ያስተኛኝ! ትርሲትን እንዲጠይቁልኝ ሽማግሌዎች አባቷ አቶ ይመኑ ቤት ልኬ መልስ እየጠበቅሁ ነበር። እኔ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ማይክ ይዤ ፊልም በአማርኛ የምተረጉም ሰው ነኝ፤ ሰሞኑን የያዝኩት ደግሞ የአንድ ደም መጣጭ ቫምፓየር ፊልም ክፍል ስምንትን ነው።

በሕልሜ ያ ቫምፓየር ጥቁር ካባውን ለብሶ፣ ዣንጥላ ዘርግቶ ደጄ መጣ።

«ጌጡ፣ ሰባት ክፍል ሙሉ በመስኮት እየገባሁ ሰባት ጊዜ ገደሉኝ» አለኝ እንባው ጠብ ጠብ እያለ። «ከእንግዲህ አንገት የምነክሰው በወጉ፣ ሽማግሌ ልኬ ነው። አንተ ከክፍል አንድ ጀምሮ ታውቀኛለህ፤ ሂድልኝ።»

አንጀቴን በላው። ጋቢዬን ደርቤ ሄድኩ። የት የገባሁ ይመስላችኋል? አቶ ይመኑ ቤት! ለካ የተመኘው የትርሲትን አንገት ነው። ኧረ ጉድ!

«ልጃችሁን ለእኔ» ልል አፌን ከፈትኩ። የሰው ቃል መናገር የለመደ አፌ ግን «የልጃችሁን አንገት ለጌታው ቫምፓየር» ብሎ አረፈው።

«ዘመድ እንዳይሆን ሰባት ቤት ይቆጠር» አሉ አቶ ይመኑ። «አባቱ ማነው?»

«ራሱ ነው።»

«አያቱስ?»

«ያው ራሱ።»

እስከ ሰባተኛው ድረስ ራሱ ሆኖ ተገኘ።

«ግሩም! ከእኛ ጋር የትም አይገናኝ! ጤናውስ?»

«ሰባት ጊዜ ሞቷል።»

«ሰባቴ ሞቶ ተመለሰ? ባልማ እንዲህ ነው! ልጄን ጥሎ አይሞትባትም!»

እናቷ ወይዘሮ አየለች ጣልቃ ገቡ። «እንጀራ ይበላል?»

«አይበላም።»

«ወጥ ቀጠነ የማይል! እልልልል!»

ቫምፓየሩን ጎትተው አስገቡት። ወይዘሮ አየለች አንገታቸውን አስግገው «የኔ ጌታ፣ በሞቴ ትንሽ ቅመስ!» ይሉታል። እሱ በሀፍረት ካባው ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው። «ኧረ ጠግቤያለሁ፣ እማማ!» «አፈር ስሆን! አንድ ንክሻ ብቻ!»

ይሄኔ ትርሲት ከጓዳ ወጣች። አየችኝና «አንተስ ጌጡ፣ የራስህ ቃል የለህም?» አለችኝ።

ላብ አጠመቀኝ። «ለእኔ! ለእኔ ነው የምጠይቀው!» ብዬ ጮህኩ። ቫምፓየሩ እንኳ አጨበጨበልኝ፣ ነፍሱን ይማረውና! ትርሲት ሳቀች፤ እኔም በደስታ ልበር ደረስኩ። አቶ ይመኑ ፈገግ ብለው «እንግዲያ ያንተም ይቆጠራ» ሲሉ አንድ ሰው ትከሻዬን ነቀነቀኝ።

ስነቃ የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ላቀው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ሰጡኝ፣ ጋሽዬ?»

«ሰባት ቤት ይቆጠር አሉ፤ ቆጠርን። ስድስቱን በሰላም አለፍን። ሰባተኛው ላይ የሁለታችሁም ቅድመ አያት አንድ ሰው ሆነው ቁጭ አሉ።»

«አንድ ቤት ጎድሎ?»

«አንድ ቤት፣ ልጄ።»

«ትርሲትስ? እሷ ምን አለች?»

ጋሽ ላቀው ባርኔጣቸውን አገላበጡት።

«አለቀሰች። በኋላ እንባዋን ጠርጋ ‹ወንድም ጋሼን በርታ በሉልኝ› አለች።»