የአባባ ሙላት የቁም ለቅሶ

ኧረ ጉድ ሰርቻለሁ! ቁርስ ያልበላችሁ መጀመሪያ ብሉ፣ ከዚያ አንብቡ።

ዛሬ ጠዋት ሰው ገደልኩ። በስልኬ።

አትደንግጡ፣ ሰውዬው ደህና ናቸው። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ።

ለማታውቁኝ፣ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ፣ አሁን ከወረታ ወጣ ብሎ ፎገራ ሜዳ ላይ የአይሲቲ አስተማሪ ነኝ። (አዎ፣ መብራት ሲኖር!) እዚህ ስመጣ ቀድሞ የተቀበለኝ ትምህርት ቤቱ ሳይሆን እድሩ ነው። "ብትሞች ማን ይቀብርሻል?" አሉና መዘገቡኝ። እንኳን ደህና መጣሽ ማለት በቃ ይኼ ነው።

የእድሩ ዳኛ አባባ ሙላት ናቸው። ሩዝ አምራች ገበሬ፣ ረጅም፣ ቆጣ የሚሉ፣ ፎቶ ሲነሱ የማይስቁ።

ፎገራን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ክረምት ሲገባ የርብ ወንዝ ሞልቶ ይወጣና ሜዳው ሐይቅ ይሆናል። ለሩዙ ጥሩ ነው። ለታመመ ሰው ግን መንገድ የለም።

ባለፈው ክረምት አንዲት የሰፈራችን ልጅ ምጥ ያዛት። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ውሃው ውስጥ ገቡ፣ እስከ ደረታቸው። ማዶ አስፋልቱ ላይ አምቡላንስ ቆሟል፣ መብራቱ ይታያቸዋል።

አልደረሱም። እሷም ሞተች፣ ልጇም።

እድሩ እንደ ወጉ ድንኳን ተከለ፣ ንፍሮ ቀቀለ፣ ቀበረ። ሦስተኛው ቀን ላይ አባባ ሙላት ከድንኳኑ መሃል ተነሱ።

"መቅበሩንማ እናውቅበታለን" አሉ። "እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ሳይሞት እንድረስ። ጀልባ እንግዛ።"

ሁሉም ሩዙን እየሸጠ አዋጣ። ተሰብስቦ ሲታይ ለሞተሩ እንኳ አልበቃም።

ይኼኔ ነው እኔ አጅሪት ብድግ ያልኩት። "ኦንላይን እናሰባስባለን! ለእኔ ተዉት!"

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

የመጀመሪያው ድረ ገጽ "የበጎ አድራጎት ምዝገባ ቁጥር ያስገቡ" አለኝ። ከየት ላምጣ? እድራችን ያለው ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ድስትና አንድ ማህተም ነው። የማህተሙን ፎቶ አንስቼ ላክኩ። "ተቀባይነት የለውም" አለኝ። ማህተሙን ያየ ሰው ቢሆን እንዲህ አይደፍርም ነበር።

ቀጥዬ አንድ የተመዘገበ ድርጅት ሄድኩ። "በእናንተ ስም እናሰባስብ፣ ብሩም በእናንተ በኩል ይግባ" ብዬ ለመንኩ። "ፕሮፖዛል ጻፊ፣ በሚቀጥለው በጀት ዓመት እናየዋለን" አሉ።

ርብ በጀት ዓመት ያውቃል እንዴ?

ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገባሁ። ኔትወርኩ አፌን እንደከፈትኩ አድርቆኝ ሄደ። ያ ስክሪንሾት ደግሞ እስከ ደብረ ታቦር ዞሯል፣ ያላያችሁት ካላችሁ ተመስገን።

በመጨረሻ ምዝገባ የማይጠይቅ ድረ ገጽ አገኘሁ። ችግሩ ለማኅበር አይሆንም፣ ለአንድ ግለሰብ ነው፣ በስሙና በፎቶው። ማን ይሁን? ዳኛው ይሁኑ!

አባባ ሙላት አዲሱን ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ቀጥ አሉልኝ። "ለጀልባው ከሆነ እንኳን ፎቶዬን፣ ራሴንም ውሰጅኝ" አሉ። ይኸው ወሰድኳቸው።

ቀጥሎ "የድጋፉ ዓይነት" ይላል። ትምህርት፣ ህክምና፣ ቀብር፣ ሌላ። "ሌላ" ስል ያንኑ የምዝገባ ቁጥር ጠየቀኝ። "ህክምና" ስል የሐኪም ማስረጃ። "ቀብር" ስል ምንም አልጠየቀኝም!

እኔም እድር የቆመው ለምንድን ነው፣ ለቀብር አይደል? ብዬ ነካሁት። ስለ ጀልባውና ስለዚያች ልጅ ረዥም ጽሑፍ ጻፍኩ፣ እያለቀስኩ ነው የጻፍኩት። ፖስት አልኩ። ኔትወርክ ጠፋ። እኔም የተማሪ ፈተና ሳርም ዋልኩ።

ይኼ ትናንት ነው።

ኔትወርክ የጠፋው ለእኔ ብቻ ነበር።

ለሌላው ሰው የወጣው የአባባ ሙላት ፎቶ ነው፣ በጥቁር ፍሬም፣ ጎኑ ላይ ሻማ በርቶ! ሻማውን ድረ ገጹ ራሱ ነው የለኮሰው። ከስሩ "የአቶ ሙላት የቀብር ማስፈጸሚያ" ይላል። የጻፍኩት ጽሑፍ የት ገባ? "ተጨማሪ ያንብቡ" ከሚለው ስር። እውነቱን ተናገሩ እስቲ፣ ከእናንተ መሃል እሱን የሚነካ አለ?

ትልቋ ልጃቸው ይታይሽ ያገባችው አንበሳሜ ከተማ ነው። እሷ ፌስቡክ የላትም። ጎረቤቶቿ ግን አላቸው። አዩ፣ ተማከሩ፣ ሽማግሌ ይዘው ንጋት ላይ መርዶ አረዷት። በወጉ!

ጠዋት እሪታ ሰማሁ። ይታይሽ ደረቷን እየደቃች "አባቴ! አባቴን!" እያለች ትመጣለች፣ ከኋላዋ የአንበሳሜ ሰው። የኛ ሰፈር ሰው ደግሞ ለቅሶ ሲሰማ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፣ መጀመሪያ ያለቅሳል። ሁሉም ተያይዞ አባባ ሙላት ግቢ ገባ።

አባባ ሙላትስ? ማሳ ላይ ነበሩ። እሪታው ከሳቸው ቤት በኩል ሲመጣ ባለቤታቸው የሞተችባቸው መሰላቸው። ግን ዳኛ ናቸዋ! ጥሩምባ አስነፉ። የድንኳኑን ቋሚ በትከሻቸው ይዘው፣ እንባቸው እየወረደ፣ ወደ ገዛ ለቅሷቸው እየሮጡ መጡ።

"ወገኖቼ፣ እሷ ናት?" አሉ።



ይታይሽ ዞራ አየቻቸው። ዘጭ አለች።

የቁም ተዝካር የሚያወጡ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ሰውዬውን ለገዛ ለቅሶው ድንኳን ያሸከመ ግን ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

ምራታቸው ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ውሃ አመጣችና ይታይሽ ላይ ረጨች። ስትነቃ አባቷን ፊታቸውን፣ እጃቸውን፣ ጋቢያቸውን ዳሰሰች። ቀጥሎ "ማን ነው ይኼን የለጠፈው?" አለች።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንድ እንኳ የሚያድነኝ ሰው የለም፣ የገዛ ተማሪዎቼ ናቸው በጣታቸው የጠቆሙኝ።

"አንች ነሽ አባቴን የገደልሽው?"

ድንጋይ ተሸክሜ እግሯ ስር ወደቅኩ። የአዲስ አበባ ልጅ፣ ዲግሪ ያለኝ፣ ድንጋይ አንገቴ ላይ! "አፉ በይኝ" አልኩ። አባባ ሙላት ድንጋዩን ራሳቸው አወረዱልኝ። "ተነሽ ልጄ፣ ለሰው ብለሽ ነው" አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እየሳቅን እንለያይ ነበር። አላበቃም።

ኔትወርክ ሲመጣ ላስተካክል ገጹን ከፈትኩ። ብር ገብቷል! ለወራት የለመንኳቸው፣ መልእክቴን አይተው ዝም ያሉኝ ሰዎች ሁሉ ሰጥተዋል። "ነፍስ ይማር" "አፈሩ ይቅለላቸው" እያሉ። ለጀልባው ሊበቃ ምንም አልቀረው።

ወዲያው ጻፍኩ። "ወገኖቼ፣ ደስ ይበላችሁ፣ አባባ ሙላት በሕይወት አሉ! ብሩ ሰው ሳይሞት ለመድረሻ፣ ለጀልባ ነው!"

ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

"ሌቦች!"

"በሰው ሞት ትነግዳላችሁ?"

"ካልሞቱ ብሬን መልሱልኝ።"

ይህችን የመጨረሻዋን ደጋግሜ አነበብኳት። ካልሞቱ። ድረ ገጹም ገጻችንን ዘጋው፣ ብሩ ለየባለቤቱ ይመለሳል አለ። ግቢው ውስጥ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ማንም ልብ አላለኝም።

ለአባባ ሙላት መንገር ነበረብኝ። ቋሚውን ገና አልጣሉትም፣ ተደግፈውት ቆመዋል።

"ለመቀበሪያዬ የሰጡት ለመሻገሪያ አይሆንም አሉ?"

"አይሆንም አሉ አባባ።"

ወደ ጉና ተራራ አዩ። ጉና ላይ ደመናው ጠቁሯል፣ እዚያ የዘነበው ነው እኛ ጋ የሚመጣው። ቀጥለው ምራታቸውን አዩ፣ የውሃውን ጆግ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

"የሷ ወር ነሐሴ ነው" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እኔ እስክሞት ትጠብቃለች?"

እኔን እንደሆነ ኮምፒውተር ነው ያስተማሩኝ።

ቋሚውን ተሸክመው ወደ እድሩ ቤት መለሱት። ሰዉም ንፍሮውን በልቶ ተበተነ፣ ተቀቅሎ ነበራ።

እስቲ እናንተ ብዙ የምታውቁ፣ ሰውየው ሳይሞት የሚሰጥበት ድረ ገጽ ካለ ሊንኩን ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ። "ነፍስ ይማር" የምትሉ ግን እባካችሁ ቆዩ፣ ገና ሰኔ ነው።