ሰባት ቤት በሦስት ቀለም

የሰውን ጠባይ ማወቅ የፈለገ ለሰውዬው ኢሜይል ይላክለትና መልሱን ይጠብቅ! አብሮ ገበያ መውረድ፣ አብሮ መንገድ መሄድ፣ አብሮ ድግስ መብላት... ይሄ ሁሉ የድሮ ፈተና ነው። ዛሬ ሰው የሚታወቀው መልስ ሲጽፍ ነው። አንዱ «እሺ» የምትል ቃል ከላይ ጣል ያደርግና ካለፈው ዓመት ጀምሮ የተጻፈውን ሁሉ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ከኋላዋ ያስጎትታታል። አንዱ ለአንድ ሰው ልመልስ ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ይመልሳል። አንዷ ደግሞ... እሷን እንኳ ቆዩ፣ ለብቻዋ አመጣታለሁ።

«አንዷ» ያልኋት ያልጋነሽ ናት። በዚህ ዓምድ ላይ ስሟን ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። ስሟን ሳልጠራ ያማኋት ግን ብዙ ጊዜ ስለሆነ፣ ደንበኞቼ የሆናችሁ አንባብያን ሳታውቋት አትቀሩም።

ከያልጋነሽ ጋር ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከመጣንበት ዓመት ጀምሮ አንነጋገርም። እሷ «ትንሽ ነገር ነው» ትላለች አሉ። እናንተ ፍረዱ። ያን ጊዜ ሁላችንም መርካዝ ክሊታ ነበርን፤ አዲስ የመጣ ሰው ቋንቋ እስኪለምድ የሚቀመጥበት ሕንፃ ነው። ለእኔ ምድር ቤት ደረሰኝ፤ በሩን ስትከፍቱት ሣር የሚታይበት፣ ነፋስ የሚገባበት ክፍል። ያልጋነሽ ኃላፊው ዘንድ ሄዳ፣ «ይቺ ሴትዮ ስታወራ ልጄ አይተኛም» ብላ ከሰሰችኝ። ሳምንት ሳይሞላ እኔ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። እሷ ደግሞ የት ገባች? እኔ ክፍል! አሳንሰር የሚባል ነገር አልነበረም። ጉልበቴ ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ስሟን ይጠራል። ደግነቱ የምንኖርበት ቤር ሼቫ ብዙ አይዘንብም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔም ሳልረሳ፣ እሷም ሳትጠይቀኝ፣ እሷ ሽኩና ቫቭ እኔ ሽኩና ዳሌት በሚባል ሰፈር ተቀምጠን፣ በአውቶቡስ ስንገናኝ ሁለታችንም በመስኮት ወደ ውጭ እያየን ኖርን። ኋላ ምን ሆነ መሰላችሁ? ያ «አይተኛም» የተባለው ሕፃን አደገ፤ ኤላድ ተባለ፤ መሐንዲስ ሆነ፤ ልጄን ሚካልን ወደደ! በዚህ ሁሉ አገር ውስጥ ሴት ጠፍቶ!

እንደምታውቁት በእኛ ወግ ከሠርግ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሙሽራውና ሙሽሪት እስከ ሰባት ትውልድ ዘመድ አለመሆናቸው ካልተረጋገጠ ቄሱ አይባርኩም። በአባቶቻቸው በኩል ያለውን ሽማግሌዎች ተሰብስበው ቆጥረው ጨረሱ። በእናት በኩል ያለውን የሚያውቅ ግን ከእኔና ከያልጋነሽ በቀር አልተረፈም።

«ኢማ፣ ካልተነጋገራችሁ ተጻጻፉ» አለችኝ ሚካል፤ «ኢማ» እናቴ ማለቷ ነው። «ሜይል አላችሁ አይደል?»

«ዋትሳፕ ይሻላል» አለ ኤላድ።

«ዋትሳፕ አንብቤ ዝም ማለቴን ይነግርብኛል» አልሁ። «እኔ አንብቤ ዝም ማለት እፈልጋለሁ።»

በሜይል ተስማማን። አጭርና ጨዋ አድርጌ ጻፍሁላት፦ «ደህና ነሽ? የቤተሰብሽን ቆጠራ ላኪልኝ። ብርቱካን።» መልሷ መጣ። ስከፍተው አንድ መስመር እሷ ጽፋለች፤ ከሥሩ የራሴ ደብዳቤ፣ ቃሉ ሳይጎድል፣ ከነፊርማዬ ቁጭ ብሏል!

«ሚካል! ደብዳቤዬን መለሰችልኝ!» ብዬ ጮህሁ። አስቡት፤ ለጎረቤት ዳቦ ልካችሁ ዳቦው ሳይቆረስ ቢመለስላችሁ ምን ትላላችሁ?

«ኢማ፣ እሷ አይደለችም፤ ፕሮግራሙ ነው። ሁልጊዜ ያንቺን ከሥር ያስቀምጠዋል።»

«ለምን? የጻፍሁትን የምረሳ መሰለው?»

«ዳይ፣ ኢማ!» አለች። «በቃ» ማለቷ ነው።

ይሄ ፕሮግራም ሌላም ጠባይ አለው። የተሠራው ለዕብራይስጥ ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ። አማርኛችን ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሁለቱ ሲገናኙ ጥያቄ ምልክቱና ቃለ አጋኖው ግራ ይገባቸውና ከዓረፍተ ነገሩ ጭራ ዘለው አናቱ ላይ ይወጣሉ። የያልጋነሽ ደብዳቤ ሁሉ ከቃሉ በፊት በቃለ አጋኖ ይጀምር ነበር። መናገር ሳትጀምር መቆጣት... እኔ በበኩሌ የፕሮግራሙ ስህተት አልመሰለኝም።

እሷ ከልጇ ጀምራ ወደ ላይ እስከ ሰባት ስሞቹን አንድ በአንድ፣ በየመስመሩ ጻፈች። ከዚህ በኋላ የሆነው የእኔ ሐሳብ ነው፤ ጥሩ ሐሳብም ነበር። አባቴ ሙግት ሲቆም የባላጋራውን ቃል መጀመሪያ ደግሞ፣ እዚያው ላይ መልሱን እየሰካ ነበር የሚረታው። እኔም እንደ አባቴ ልሁን ብዬ የራሴን ስሞች ከታች ለብቻ በመጻፍ ፈንታ፣ በእሷ ስሞች መሐል መሐል፣ በየመስመሩ ሥር አስገባሁ። እንዳይምታታ የእኔን ቀይ አደረግሁት። ለአንደኛ አንደኛ፣ ለሁለተኛ ሁለተኛ... እንዴት ያምር ነበር!

አምስተኛው ላይ እሷ «ቢያድግልኝ» ብላ ጽፋለች። እኔ ከሥሩ በቀይ «መኮንን» ብዬ ጻፍሁና፣ እጄ አላርፍ ቢለኝ ጨመርሁበት፦ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ማነው? ሰምተነው አናውቅም።» የጠየቅሁት ስለ ቢያድግልኝ ነው። ለእናንተም ለእኔም ግልጽ ነው።

ያልጋነሽ ትተኛለች? ሆድ ያባውን ኢሜይል ያወጣዋል! በእኔ ቀይ መሐል በአረንጓዴ ገባችበትና፣ «ይሄማ የኛው ቅድመ አያት ነው፤ አገር ያወቀው ጀግና! ያልሰማሽው ጆሮሽን ሐሜት ስለሞላው ነው» አለች። እኔ ዝም ልል ነው? መለስሁ። መለሰች። በተመላለስን ቁጥር ፕሮግራሙ የቀድሞውን አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ በጎኑ መስመር ያሰምርበታል። በስተመጨረሻ አያት ቅድመ አያቶቻችን በቀጭን ሰርጥ ውስጥ፣ በመስመር አንድ አንድ ቃል ሆነው፣ እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ቀሩ። ቢሆንም ቀለሙን ላየ ሰው ምንም አያደናግርም፤ ጥቁሩ የእሷ፣ ቀዩ የእኔ፣ አረንጓዴው ስድብ።

ሚካል ሳታነብ ለቄሱ ላከችው። አማርኛ ማንበብ አትችልማ! ቄሱ ደግሞ ከስክሪን ላይ አያነቡም። ልጃቸው አተመችላቸው። በጥቁርና ነጭ።

ገባችሁ? ቀዩም ጥቁር፣ አረንጓዴውም ጥቁር! አሁን ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ መኮንን። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ማነው? ሰምተነው አናውቅም። ይሄማ የኛው ቅድመ አያት ነው፤ አገር ያወቀው ጀግና።

ቄሱ ደወሉልኝ።

«ወይዘሮ ብርቱካን፣ ቆጠራውን አየሁት። መኮንን ያንቺ ቅድመ አያት ነው?»

«አዎ ቄስ።»

«ያልጋነሽም የኛው ነው ብላ ጽፋለች። አንድ ሰው ላይ ተገናኛችሁ ማለት ነው። ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ እኔ አልባርክም።»

እዚህ ላይ «ደስ ብሎሽ ነበር ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይሄ የግል ጉዳይ ነው።

ኩሽና ብቅ ስል ግን ሚካል ቀለበቷን አውልቃ መዳፏ ላይ ይዛ ታየዋለች። አልቅሳ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እንደ እኔ ናት፤ ሲከፋት ፊቷን ትዘጋዋለች። «ሁሉም ተጠርቷል» አለች ብቻ። «ለኤላድ ምን ልበለው? ወንድሜ ነህ ልበለው?»

ስልኬን አነሣሁ።

«ሄሎ?» አለች ያልጋነሽ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«ምድር ቤቷን የለቀቅሁልሽ።»

«አንቺ ነገር አትረሺም?»

«አልረሳም። መኮንንን የኛ ነው ብለሽ ጽፈሻል ይላሉ ቄሱ።»

«እኔ! መኮንንን? ያንን ሰውዬ ቢሰጡኝስ ምን ላደርገው?»

«እሱን ለእሳቸው ንገሪያቸው። ልጅሽ በመኪናው ይውሰደን።»

ኤላድ መጣ። ፊት ወንበር ማን ይቀመጥ በሚለው ጥቂት ቆየን። እኔ ጉልበቴን አነሣሁ፤ እሷ ወገቧን አነሣች። ኤላድ፣ «ሁለታችሁም ከኋላ!» አለን፤ እንደ ሕፃን፤ ፊት ሚካል ገባች። ከሃዒር ሃዓቲቃ፣ ከአሮጌው ከተማ አጠገብ፣ ቄሱ ቤት እስክንደርስ እሷ በቀኝ መስኮት እኔ በግራ መስኮት አየን።

ቄሱ የሱፍ ፍሬ በሳህን አቀረቡልንና ወረቀቱን ዘረጉ። ሁለታችንም ባንድ አፍ ማስረዳት ጀመርን። እኔ ስለ ቀለም፣ እሷ ስለ እኔ።

«ቆዩ!» አሉ ቄሱ። «ወረቀቱን ተዉት፤ በአፋችሁ ቁጠሩልኝ።»

«እሺ፣ ሚካል፣ ብርቱካን...» ብዬ ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ።

«እንደሱ አይደለም። ሠርግ ሲደርስ ሰው አያቱን ይለውጣል፤ ስንቱን አይቻለሁ። ያንቺን እሷ ትቁጠር፤ የእሷን አንቺ ቁጠሪ። ባላጋራ አይደላችሁ? እንግዲህ አንዳችሁ ለሌላዋ አታደሉም።»

ኤላድ ሚካልን አየ፤ ሚካል እኔን አየች። ተሳስቼ አንዱን ብዘል ሠርጉ ቀረ ማለት ነው። አፌን ስከፍት ግን... እስቲ ጉድ ስሙ! ስሙ ሁሉ እንደ ውሃ ወረደልኝ። «ኤላድ፣ ያልጋነሽ፣ አድማሱ፣ ወርቁ፣ ቢያድግልኝ፣ እንግዳ፣ ዘለቀ!» እንከን ላገኝበት ብዬ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! የራሴን አያቶች እንኳ እንደዚያ አጥንቼ አላውቅም።

«ልክ ናት?» አሉ ቄሱ።

ያልጋነሽ እንደ መራራ ነገር ዋጥ አድርጋ፣ «ልክ ናት» አለች። ቀጥላ የእኔን ያዘች፦ «ሚካል፣ ብርቱካን፣ ተገኘ፣ አየለ፣ መኮንን ኩርፌ...»

«ኩርፌ ብዬ አልጻፍሁም!»

«ብትጽፊውም ባትጽፊውም አገር ያውቀዋል፤ ካኮረፈ ሚስቱን እንኳ በልጁ በኩል ነበር የሚያነጋግራት። ከዘር ነው የምልሽ! ውብነህ፣ ደስታ። አለቀ። የኔ ቅድመ አያት ቢያድግልኝ ሌላ ሰው ነው፤ ሌላ አገር ነው፤ ተጫዋች ሰው ነበር።»

ቄሱ ወረቀቱን አጣጥፈው ከሳህኑ ሥር አስቀመጡት።

«ዘመድ እንኳ ዘመዱን እንዲህ አያውቅም» አሉ። «ግን ዘመድ አይደላችሁም። ልጆቹ ይጋቡ።»

ሚካል ቀለበቷን አጠለቀች። ኤላድ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቀረ፤ ሲያለቅስ ይሁን ሲስቅ አላየሁም።

ልንወጣ ስንል ቄሱ፣ «አንድ ነገር ልምከራችሁ» አሉ። «ወደፊት ስትጻጻፉ መጀመሪያ ከሥር የተንጠለጠለውን የድሮውን አጥፉት። የዛሬን ብቻ ላኩ።»

«እሺ ቄስ» አለች ያልጋነሽ፣ እንደ መልአክ። አያችሁልኝ? እሷ ምን ቸገራት! አራተኛ ፎቅ የወጣሁት እኔ! እኔም ባጭሩ «አስብበታለሁ» አልሁ። አሁንም እያሰብሁበት ነው።

ደረጃው ላይ ብረቱን ይዤ ቀስ እያልሁ ስወርድ ያልጋነሽ ከፊቴ ቆመች።

«እንግዲህ ወደድሽም ጠላሽም ዘመድ ሆንን» አለችኝ።

«ሆንን» አልሁ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ክንዷን ያዝሁ፤ ከመጣን ጀምሮ ስነካት የመጀመሪያዬ ነው። «ያልጋነሽ፣ አስቢው እስቲ... እነዚህ ልጆች ከተጋቡና ከወለዱ፣ ከእንግዲህ ያንቺ ዘርና የኔ ዘር እስከ ሰባት ቤት ድረስ ተመልሶ መጋባት አይችልም!»

ትንሽ አሰበች። ፊቷ ቀስ እያለ በራ።

«ተመስገን!» አለች፣ ሁለት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ።

«አሜን!» አልሁ እኔም፤ ከልቤ።