ሳያነቡ «ኦኬ» የሚሉ ሰዎች

ኮምፒውተር የሚያስቸግረን ቫይረስ ስለገባበት ነው ይባላል። ውሸት ነው። የሚያስቸግረን የሚነግረንን ስለማናነብ ነው።

በቀደም ቦንጋ አንድ ቢሮ ወረፋ ይዣለሁ። ከፊቴ ከደካ የመጣች መምህርት አለች። ማስረጃዋ ዛሬ ታትሞ ካልወጣ፣ ባሏ ወዳለበት ቢታ ገነት የመዛወር ነገር ያበቃለታል፤ ማመልከቻው ዛሬ ይዘጋል። የአዲሱ ፕሪንተር ሶፍትዌር ግን አልጫን ብሏል።

የቢሮው የኮምፒውተር ሰው ጋሽ ደምሴ «ኔክስት፣ ኔክስት» እያሉ ይጫናሉ። መጨረሻ ላይ መልእክት ብቅ ሲል ገና ሳያዩት «ኦኬ» ብለው ያባርሩታል። ከዚያ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይሉና ከፍላሽ እንደገና ይገለብጣሉ።

«ምን ይላል፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ኤረር ነዋ።»

«የምን ኤረር?»

«ወንድሜ፣ ኤረር ኤረር ነው። ዊንዶውሱ ይቀየራል።»

«ዛሬ ይደርሳል?» አለች መምህርቷ።

«ነገ ብቅ በይ።»

ለራስ ምታት ጭንቅላት ይቀየራል እንዴ? ነገ ደግሞ ለእሷ ምን ያደርግላታል? ሳላነበው ላልወጣ ቆርጬ ተነሳሁ። መልእክቱ ዳግም ሲመጣ የጋሽ ደምሴን እጅ ያዝኩ።

«ዲስኩ ሞልቷል» ይላል።

በምን ሞላ? ድሮም ጠባብ የነበረውን ዲስክ የሞሉት፣ ጋሽ ደምሴ ጠዋቱን ሙሉ ሲገለብጡት ያረፈዱት የዚያው ሶፍትዌር ቅጂዎች ናቸው። አንዱን አስቀርተው ሌላውን ሲያጠፉ ተጫነ። መምህርቷ ወረቀቷ ገና ሳይቀዘቅዝ ይዛ ወደ ማህተም ክፍል ሮጠች።

አንተም አንባቢዬ፣ መልእክት ሲመጣልህ እጅህን ሰብስብና አንብበው።