ጋሽ ይመር ሲቀመጡ የምትበራው መብራት

ዳሽቦርድ ላይ የምትበራ መብራትና ነገረኛ ጎረቤት አንድ ናቸው። «ኧረ ነገር አለ!» ይሉሃል፤ ምን ነገር ስትል ዝም። እኛ ሾፌሮች ለዚህ ዓይነቷ መብራት የታወቀ መድኃኒት አለን፤ ጥቁር ፕላስተር። ቆረጥ አድርገህ ትለጥፍባታለህ፣ በቃ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉ ሰዎች መኪና የላቸውም።

ቀጣሪዬ ሰዓዳ ግን ፕላስተሬን አልተቀበለችም። (ለሌላ ጉዳይ ቀደም ብዬ የለጠፍኳትን ቁራጭ አላየቻትም፣ ደግነቱ።) ሰዓዳ ዐረብ አገር የሰው ቤት ስታጸዳ ወጣትነቷን ጨርሳ መካነ ሰላም ስትመለስ ይህችን አሮጌ መኪና ገዛች። መንጃ ፈቃድ የላትምና መሪውን ለእኔ ሰጠች። ለእኔ! ከትምህርት ቤት በመስኮት ዘልዬ ወጥቼ እስከዛሬ ላልተመለስኩት!

መኪናዋን የገዛችው ለንግድ ብቻ አይደለም። የአባቷን የጋሽ ይመርን ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ ደሴ ወስዳ ልታስገፍላቸው ቀጠሮ ይዛለች። አባዬ በበቅሎም በሰው ትከሻም አይሄዱም፣ ጋቢና ነው የሚቀመጡት ብላ ምላለች። ጋቢና ደግሞ መቼም ታውቃላችሁ፣ ዙፋን ነው፤ ለሽማግሌ፣ ለሚዜ፣ አለዚያም ሾፌሩ ዓይኑን ለጣለባት ልጅ የሚጠበቅ።

ምን ዋጋ አለው? ጋሽ ይመር ዙፋኑ ላይ በወጡ ቁጥር ቀይዋ የኤርባግ መብራት ትበራለች። (ኤርባግ ማለት መኪና ሲጋጭ ፈንድቶ የሚነፋ ትራስ ነው።) የከላላን ጤፍ ጋቢና ላይ ስጭን አትበራም። እንደ ጤፉ ኩንታል የሞላችውን ቅቤ ነጋዴ ሳስቀምጥ አትበራም። እሳቸው ገብተው ትንሽ እንደሄድን፣ ቦግ!

እሳቸው እንኳ አያዩዋትም። አፌ አላርፍ ብሎ፣ ጋሽ ይመር፣ እርስዎ ሲገቡ'ኮ ነው የምትበራው አልኳቸው። «አጂብ! እንግዲያው ጠልታኛለች» አሉና ወረዱ። ሰዓዳ ብትለምን፣ እኔ ብለምን፣ ወላሂ አልገባም! የልጄ ላብ ናት፣ በእኔ ሰበብ ብትፈነዳስ? ዓይኔ እንደሆነ ቀንና ሌሊት ከለየልኝ ይበቃኛል አሉ። ሰዓዳ ፊቷን አዙራ በሻሿ ጫፍ እንባዋን ጠረገች። ቀጠሮው ደግሞ ደርሷል።

ኤሌክትሪሺያኑ ሙሄ ዘንድ ወሰድናት። ሙሄ መመርመሪያ ማሽኑን ከመሪው ሥር ሰክቶ፣ ኪታብ እንደሚያነብ ሰው አቀርቅሮ ቆየና የጋቢናው ኤርባግ መስመር የሆነ ቦታ ላይ ይቆራረጣል አለ። የሆነ ቦታ! ይሄንንማ ጎረቤቴም ይነግረኛል። ስህተቱን በማሽኑ ሲሰርዘው መብራቷ ጠፋች። እኔ ጋቢና ሆኜ እሱ እየነዳ ኮረኮንቹን ተንገጫገጭንበት፤ መብራቷ ወይ ፍንክች! በሉ ዳሽቦርዱን እንፍታ ብዬ ስዘረጋ ሙሄ እጄን መታው። ባትሪው ተነቅሎ ትንሽ ሳይቆይ የኤርባግ ሽቦ ከነካህ ፊትህ ላይ ነው የሚፈነዳው፣ ደግሞስ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ምን ያደርግልሃል? መብራቷ የምትበራው ለሽማግሌው ከሆነ ሽማግሌውን አምጣልኝ አለ።

እንዴት ይምጡ? ብልሃቱ የሰዓዳ ነው። አባዬ፣ ሙሄ ከመኪናዋ ጋር ሊያስታርቅዎት ይፈልጋል አለቻቸው። እርቅ ሲባል እንቢ ብሎ የቀረ ሽማግሌ ወሎ ውስጥ የት ይገባል? የስንቱን ጠብ ያበረዱ ሰው! ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ።

«ቢስሚላህ» ብለው ጋቢና ተቀመጡ። ከዚያ ጎንበስ አሉና ከዘራቸውን፣ ቆልማማውን ጫፍ አስቀድመው፣ ቀስ አድርገው ከወንበሩ ሥር አስገቡት። እኔና ሙሄ ተያየን።

ምነው እዚያ ከተቱት ብንላቸው ተቆጡ። የልጄን ላብ በከዘራ ልጫራት እንዴ?

ሙሄ ባትሪውን ነቅሎ፣ ጠብቆ፣ ከወንበሩ ሥር አጮለቀ። ጋቢናው ላይ ሰው መኖር አለመኖሩን ለኤርባጉ ወሬ የሚያቀብለው ሽቦ ቆልማማው ውስጥ ገብቷል፤ ቢጫ ሶኬቱ ግማሹን ወልቋል። መኪናዋን ያሳመማት የአባት ስስት ነበር። ሙሄ ሶኬቱን ቀጭ እስኪል ገፍቶ ሽቦውን አሰረው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ እንደ አገር ሽማግሌ ፈረደ፤ ጥፋቱ የከዘራው ነው፤ ከእንግዲህ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ድንገት ፍሬን ቢያዝ እንዳይወረወርም በቀበቶ ይታሰራል። ጋሽ ይመር ፍርዱን ተቀብለው ዱዓ አደረጉ።

ደሴ ደርሰን፣ ሞራው ተገፎ፣ ፋሻው ከተነሳ በኋላ ስንመለስ እርቁ እንደጸና ነው። መብራቷ ጭጭ። ጋሽ ይመር ግን ጭጭ አላሉም፤ ያዩትን ሁሉ ይጠራሉ። መጀመሪያ ዞረው ሰዓዳን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «አንቺ ልጅ፣ ሸበትሽ እንዴ?» አሉ። እሷም ሳቅና ልቅሶው ተደባለቀባት።

ቀጥለው ዳሽቦርዱን መመርመር ያዙ። ይህች ጥቁር ነገር ምንድን ናት ብለው፣ እኔ አፌን ሳልከፍት፣ ፕላስተሬን በጥፍራቸው ላጥ! ከሥሯ ቀይ መብራት ቦግ አለች፤ የሾፌር ቀበቶ መብራት።

ጋሽ ይመር በአዲሱ ዓይናቸው መብራቷን አዩ። ዞረው ኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ ተጠፍሮ የተቀመጠውን ከዘራቸውን አዩ። ከዚያ ቀበቶ ያላሰርኩበትን ደረቴን አዩ።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «አንተንም ሙሄ ያስታርቅሃል።»